ከንፈር ሲዘገይ

አጅማን፣ ዓሣ ተራ፤ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
በረዶ በአካፋ ሲዛቅና ሲናድ፣
ጀልባው ሲያጓራ፣ ጋሪው ሲንቋቋ፣
አንዱ በኡርዱ ሲምል፣ ሌላው በቤንጋሊ ቋንቋ፣
እኔ እቆማለሁ ደብተሬን ታቅፌ፣
እርሳሴን ቀስሬ፣ ጆሮዬን አሰልፌ።

ሥራዬ ቁጥር ነው። ጨረታ የሚጠራው
ኸልፋን ነው፣ አዛውንቱ፣ ወርቅ ጥርሱ የሚያበራው፤
እሱ ይጮኻል፣ እኔ እጽፋለሁ፤
ከሁለት መቶ አፍ ውስጥ አንድ አፍ እለቅማለሁ፣
ምስሩን ትቼ ጠጠሯን።

ሰብዒን ሰባ ነው፣ ቲስዒን ዘጠና፤
በጆሮ መንትዮች፣ አንድ ማኅፀን፣ አንድ ቃና።
የሚለያቸው አንዲት ነገር፦
«ብ» ጋ ሲደርስ የሚዘጋ ከንፈር።
ሰማሁ እላለሁ። ውሸት ነው።
አይቼ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ኸልፋን ፊቱን አዞረ፣
ከንዓድ የሚሉት ዓሣ ቅርጫት ላይ አቀረቀረ፤
ድምፁ መጣ ብቻውን፣ ከንፈር ሳይከተለው፣
ጆሮዬም ባመነው «ዘጠና ነው» አለው።
ጻፍኩ።
ሰባ ነበር።
ሃያ ድርሃም ከደመወዜ ሄደ፤
«ጆሮሽን ታከሚ» አለኝ ኸልፋን እየተናደደ።
ጆሮዬማ ደህና ነው፤
ያልሰማው ዓይኔ ነው።

ከወሽመጡ ማዶ ጀልባ የሚጠግን ሰው አለ፣
ሚስማር በጥርሱ ነክሶ፣ ከእንጨቱ ጋር የዋለ።
መዶሻው ሲወርድ አያለሁ፣ ጸጥ ብሎ፣ ተመትቶ፤
«ቋ!» የሚለው የሚደርሰኝ ክንዱ ዳግም ሽቅብ ወጥቶ።
በታንኳ ተሻግሬ አጠገቡ ስቆም ግን
ምቱና ድምፁ ይታረቃሉ፣
ባንድ ጀምበር የተወለዱ ይመስላሉ።

ሽማግሌ አለ መሰለኝ፣ ከአጥንት ድንኳኔ ሥር፣
ሳልጠራው የመጣ፣ ሳልከፍለው የሚያድር።
ዓይን ሮጦ ሲከስ፣ «ቆይ፣ ጆሮ ይምጣ» ይላል፤
ጥቂት የዘገየውን ይቅር ይለዋል፣
አብዝቶ ከዘገየ ችሎቱን ይበትናል።

እዚህ ዓይሻ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ዓይሻ ይሉኛል፣
ስሙም ከጀርባዬ እንደ ውሃ ያልፈኛል።
አንድ ሌሊት ግን፣ ከጋሪና ከሚዛን መሃል፣
«አንሻ!» አለ አንድ ድምፅ።
አንገቴ ከኔ ቀድሞ ዞሯል።
የበረዶ መኪና ሹፌር ነው፣ የሐይቅ ልጅ፤
በስልክ እህቱን ይጣራል።
እኔን አልነበረም። ግን ያን ሁሉ ጫጫታ
ምን ያህል ጊዜ ነው፣ ሳላውቀው፣
ለዚያች ስም ስል ስበረብረው የኖርኩት?

ዓርብ እናቴ ደወለች፤ ይመር ስልኩን ይዞላታል።
ኔትወርኩ ደከመ፤ ድምፅዋ ይሮጣል፣ ምስሏ ያነክሳል፤
ቃሏ አልፎ ከሄደ በኋላ፣ ከንፈሯ ገና ይደርሳል።
ጨው የላጠውን እጄን ነግሬያት ነበርና
«ገላሽ ዳነ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤
መልሼም ነበር። አሁን፣ ዘግይቶ፣
ከንፈሯ «ገላሽ» እያለ ሲከፈት፣
ድምፅዋ ቀድሞ «በላሽ?» ሲለኝ ከፊት፣
እኔ የሰማሁት
«ደላሽ?»

ያላለችውን። ከከንፈሯም የሌለ፣ ከድምፅዋም የሌለ።
ሽማግሌው ነው፤ ሁለት ምስክር ቢጋጭበት
ሦስተኛ ቃል ፈጥሮ ነው ያስታረቀበት።

«ደልቶኛል» አልኳት።
ዝም አለች። ዝምታዋ ፊቷ ላይ እስኪደርስ
ፈገግ እንዳለች ቆየች።

ያኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።
«በላሽ ወይ ነው እኮ ያልኩሽ» አለች፣
ጥርት ብሎ መጣ፣ ብቻውን፣ እንደ ኸልፋን ጀርባ።
ቃሏን አገኘሁት፤
መብላቴን ጠየቀችኝ፣ ወይስ መበላቴን፣
ያንን ግን ዓይን አያየው፣ ጆሮ አይለየው፣
ሽማግሌውም አቀረቀረ።

«በላሁ» አልኳት።
ከንፈሬ መቼ እንደደረሰላት አላውቅም።